ናሙና ቁጥር 113 የልጄ ጥርስ ነው

ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቢቸና

ለጥንታዊ እንስሳት ቅሪተ አካል ማሰባሰቢያ ፕሮጀክት
የሞጣ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሞጣ

አመልካች፦ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ስጦታው፣ የቅኔ መምህር፣ የቢቸና ከተማ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ በስሕተት ገቢ የተደረገው የልጄ የወተት ጥርስ እንዲመለስልኝ፤ ይህ የማይቻል ከሆነም ልጄ በጽሕፈት ቤታችሁ ሥራ የማትነሣ መሆኗ በማኅተም ተረጋግጦ ለእናቷ እንዲጻፍላት ስለ መለመን

ክቡር ኃላፊ ሆይ፤

በቢቸና ጽሕፈት የቸገረው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። የመሬት፣ የውርስ፣ የመብራት ቆጣሪ፣ የባልና ሚስት አቤቱታ ስጽፍ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ለሰው ስጽፍ እጄ ከብዶኝ አያውቅም። ይህን የራሴን ግን ከጀመርኩት ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። አንዳንድ ቦታ ከሥርዓቱ ወጥቼ ብገኝ ድፍረት ሳይሆን አቅም ማጣት መሆኑን ተረድተው እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

1. ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ከጽሕፈት ቤታችሁ የተላኩት ባለሙያ አቶ ዘመነ በከተማችን አዳራሽ ሕዝብ ሰበሰቡ። ከቢቸና በታች ባለው ገደል ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው የአውሬ መንጋጋ ከነጥርሱ ማውጣቱን ነገሩን። አውሬው ከዝሆን ወገን ሆኖ ከምድር ከጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን እንደሆነው፣ በውጭ አገር ያሉ ሊቃውንትም በበረዶ ውስጥ ተቀብሮ ከኖረ ጠጉራም ዝሆን የዘር ቅንጣት አውጥተው የጠፋውን አውሬ መልሰው በሕይወት ለማቆም እየሠሩ እንደሆነ አስረዱ። የእኛም አገር ጥርስና አጥንት ለዚሁ ጥናት ሊሰበሰብ ነው አሉ። ንግግራቸው ግማሹ እንግሊዝኛ ስለነበረ ሕዝቡ እርስ በርሱ «ምን አሉ?» ይባባል ጀመር። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረው «የኔታ፣ እስቲ ሕዝቡ በሚገባው አድርገው ይንገሩልን» አሉኝ።

2. እዚህ ላይ ጥፋቴን እናዘዛለሁ። «መልሶ ማራባት» ብል ይበቃ ነበር፤ «ዳግም ማስገኘት» ብልም ማንም አይወቅሰኝም። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ቅኔ ያስተማረ ሰው ሕዝብ ፊት ቆሞ «ማራባት» ሲል ምን ይባላል? የሚራባው በግ ነው። ስለዚህ «ትንሣኤ አዕፅምት ነው፤ የአጥንቶች ትንሣኤ» አልኩ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። አቶ ዘመነም ደስ ብሏቸው ቃሉን በማስታወሻቸው አሰፈሩት፤ ማስታወቂያውንም እኔው እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። በገበያው መግቢያ የተለጠፈው ቃል እንዲህ የሚል ነው፦

«የቀደሙን ከአጥንታቸው ይነሡ ዘንድ፣ ጥርስም ሆነ አጥንት ያላችሁ ሞጣ ላለው ጽሕፈት ቤት አምጡ።»

ክቡርነትዎ እንደሚያዩት «እንስሳ» የሚል ቃል የለበትም። ወረቀቱ ጠብቦኝ አይደለም። የ«ቀደሙን» ሰሙ ከእኛ በፊት በዚህ ምድር የኖሩት አራዊት ናቸው፤ ወርቁን ግን ሞት የገባበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ተገብቶ «ሞቱ» አይባልም፤ «ቀደሙን» ነው የሚባለው። ሁለት ፍች እንዳለው ስጽፈው አውቄአለሁ። አውቄም ደስ ብሎኝ ነበር። «እንስሳ» ብዬ ብጨምርበት ወርቁ ይጠፋብኛል ብዬ ተውኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶች፤ ከብዕር የወጣው ደግሞ አራት ማዕዘኑ በሙጫ ተመትቶ ይለጠፋል።

3. በማስታወቂያው ማግስት ጎረቤቴ አቶ ውበቴ ዐምና የሞተበትን በሬ ቀንድ በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ሞጣ ድረስ ሄደ። ጽሕፈት ቤታችሁም «ቀንድ አንቀበልም፤ ደግሞም በሬ ከምድር አልጠፋም» ብሎ በዕለቱ መለሰው። ተናዶ ሲመለስ መንደሩ ሁሉ ሳቀበት፤ እኔም ስቄአለሁ። ዛሬ በአቶ ውበቴ እቀናለሁ። እርሱ ቁርጡን በአንድ ቀን ዐወቀ።

4. አንዲት ልጅ ነበረችን፤ ስሟ ማርያማዊት ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዘጠኝ ዓመቷ ከአክስቷ ጋር የሱሃን ወንዝ ስትሻገር ደራሽ ውሃ ወሰዳት። አክስቷ ተረፈች። ወንዙን ይዘን ዐሥራ አንድ ቀን ወረድን፤ ነጠላዋ ተገኘ፣ እርሷ አልተገኘችም። ፍትሐቷ አስከሬን በሌለበት ተደረገ። መቃብር የላትምና እናቷ የምትሄድበት ቦታ የለም። በቤታችን ከአካሏ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

5. እርሱም ጥርሷ ነው። በዚያው ክረምት፣ በሐምሌ ሥላሴ ሰሞን፣ አንድ የወተት ጥርስ ወልቆላት ነበር። እንደ አገሩ ልማድ ወደ ጣሪያ ወረወረችው። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነውና ተንከባሎ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ወረወረችው፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰ፤ በሦስተኛው እየሳቀች ትታው ገባች። ከአርባዋ በኋላ እናቷ ደጁን ስትጠርግ የጣሪያው ጠፈጠፍ በቦረቦረው መስመር ላይ አገኘችው። በጥጥ ጠቅልላ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ የማየው በዓመት አንድ ጊዜ ነበር፤ እርሷ ስንት ጊዜ ታየው እንደነበር አላውቅም፣ ጠይቄም አላውቅም።

6. ባለቤቴ ወ/ሮ ጥሩአየሁ ፋንታ በግንቦት መጨረሻ «የጥኖራ ያለችውን እኅቴን ልጠይቅ» ብላኝ ወጣች። የሄደችው ግን ወደ የጥኖራ አይደለም፤ ወደ ሞጣ ነው። በጽሕፈት ቤታችሁ የመዝገብ ሠራተኛዋ ወ/ሪት ሳብሪያ ተቀበለቻት። በኋላ ከሁለቱም ጠይቄ እንደተረዳሁት ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ወ/ሪት ሳብሪያ «ከየት የተገኘ ነው?» ስትላት «ከደጄ» አለች። «ስንት ዓመቱ ነው?» ስትላት «በነሐሴ ሰባት ዓመት ይሞላዋል» አለች። «የምንድን ነው?» ስትላት ደግሞ «የእኔ ናት» አለች። ወ/ሪት ሳብሪያ ገበሬዎች ብዙ የማይገባ ነገር ሲነግሯት የሰነበተች ናትና በቅጹ ላይ «የተገኘበት ቦታ፦ ቢቸና፣ የመኖሪያ ደጃፍ፤ ዕድሜ፦ በላብራቶሪ ይጣራል፤ አስረካቢ፦ ጥሩአየሁ ፋንታ» ብላ ሞላች። ባለቤቴ አንድም ቃል አልዋሸችም። ወ/ሪት ሳብሪያም አላጠፋችም። ደረሰኙ ተቆረጠ፤ ቁጥሩ 113 ነው።

7. ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ባለቤቴ ሞኝ አይደለችም፤ ወረቀቱ ግን እርሷን ያዛት። ያን ደረሰኝ ከሥዕለ ማርያም ሥር አስቀመጠችው። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። በሰኔ ወር ራት ቀርቦ ሳለ ድንገት «ሕፃን ሆኖ የሞተ በስንት ዓመቱ ነው የሚነሣ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለሰባት ዓመት ስለ ልጃችን ሞት አንድ ቃል ያልወጣት ሴት ናትና፣ ስለ ዳግም ምጽአት ማሰብ ጀመረች፣ ተጽናናች ብዬ ደስ አለኝ። አባቶች እንዳስተማሩን «ወንድ የሠላሳ፣ ሴት የዐሥራ አምስት ዓመት ሆነው ይነሣሉ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። በሳምንቱ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቀሚስ አዘዘች። ልኩን የወሰደችው የጎረቤታችንን ልጅ ሊድያን አቁማ ነው፤ ሊድያ ከማርያማዊት ጋር በአንድ ክረምት የተወለደች ናት። አሁን የሊድያ እናት ልጇን በእኛ ደጅ አታሳልፍም። አልፈርድባትም።

8. የሰባት ዓመቱን ተዝካር በነሐሴ ማውጣት ነበረብን። ጌሾው ተወቅጦ፣ ካህናቱ ተነግሯቸው ሳለ ባለቤቴ «ለምትመጣ ልጅ ተዝካር አላወጣም» አለች። ያን ጊዜ ነው ሁሉን የሰማሁት። የነፍስ አባታችን መጥተው መከሯት፤ አልሰማቻቸውም። እኔም ማስታወቂያው ስለ አራዊት እንደነበረ፣ ቃሉን ያጣመምኩት እኔ እንደሆንኩ በግልጽ ነገርኳት። «አንቱ አይደሉም የጻፉት? ሲጽፉት እውነት ሆኖ ለእኔ ሲሆን ውሸት የሚሆን በምን ምክንያት ነው?» አለችኝ። ቀጥላም «እልፍ ዘመን የሞተ አውሬ ይነሣል ብለው እልል አስባሉን፤ የእኔ ልጅ የሄደች ትናንት ነው» አለች። ክቡር ኃላፊ፣ ለዚህ መልስ ያለው ካለ ያስተምረኝ።

9. ከዚያ በኋላ ለጽሕፈት ቤታችሁ አመልክታ ኖሮ በመስከረም ወር መልስ መጣላት። ማንበብ ስለማትችል ያነበብኩላት እኔ ነኝ። «ያስመዘገቡት ናሙና በጥናት ሂደት ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ ውጤቱ እንደደረሰ የምናሳውቅዎ መሆኑን እየገለጽን፣ እስከዚያው በትዕግሥት እንዲጠብቁ እናሳስባለን» ይላል። ይህ ለሁሉም የሚላክ ደብዳቤ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ለሰው የማነበው እንዲህ ያለውን ነው። እርሷ ግን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና «ይኸው፣ አይሆንም አላሉም» አለች። «ይህ እኮ የቢሮ ወግ ነው» ብላት «ይህ ማኅተም አለበት፤ የአንቱስ ማኅተም የታል?» አለችኝ። በትዕግሥት ጠብቂ ስለተባለች በትዕግሥት እየጠበቀች ነው። ዘወትር ማክሰኞ፣ ከሞጣ የሚመጣው ሚኒባስ በሚደርስበት ሰዓት፣ መናኸሪያው በር ላይ ትቆማለች። ሾፌሮቹ ለምደዋት «እማማ፣ ዛሬም የለም» ይሏታል። ባለቤቴ ገና ሃምሳ ዓመት አልሞላትም፤ እማማ የሆነችው በዚህ ዓመት ነው።

10. በጥቅምት ወር ራሴ ሞጣ መጣሁ። ወ/ሪት ሳብሪያ ነገሩን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፤ «የኔታ፣ እኔ የዝንጀሮ መስሎኝ» ብላ አለቀሰች። ሣጥኑ ግን ወደ ላብራቶሪ ከሄደ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ከመታሸጉ በፊት በስልኳ ያነሣችውን ፎቶ አሳየችኝ፤ ጥርሱ ከማስመሪያ አጠገብ ተቀምጧል፣ ሰባት ሚሊ ሜትር ነው። እኔ ልጄን በክንድና በስንዝር እንጂ በሚሊ ሜትር ዐይቻት አላውቅም። ፎቶውን ልላክልዎ ስትለኝ የእኔ ስልክ ሥዕል አይቀበልም አልኳት። እውነት ነው አይቀበልም፤ ቢቀበልም ግን እንቢ እላት ነበር።

11. ከዚያ አቶ ዘመነ ዘንድ ገባሁ። አክብረው አስቀመጡኝ፤ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። «አንድ ቃል ብቻ ስጡኝ፤ ይቻላል ወይስ አይቻልም?» አልኳቸው። እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ፦ ከገደሉ የወጣው መንጋጋም ሆነ ሌላው የተሰበሰበው አጥንት ወደ ድንጋይ የተለወጠ ስለሆነ ሕይወት ያለው ነገር ሊገኝበት አይጠበቅም፤ የሚጠናው የጥንቱን ዘመን ለማወቅ ነው እንጂ አውሬ ለማስነሣት አይበቃም። «ከመቶ ሃያው ናሙና ውስጥ የዘር ቅንጣት ይኖረዋል የሚባለው የእርስዎ ብቻ ነው» አሉኝ። እርሳቸው ይህን ያሉት ነገሩ ምን ያህል የተዘበራረቀ እንደሆነ ሊያሳዩኝ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። ቀጥለው ሰውን እንዲህ ማድረግ በሕግም በሃይማኖትም እንደማይፈቀድ፣ ቢደረግ እንኳ የምትወለደው ከሌላ ማኅፀን፣ ሌላ ነፍስ ያላት፣ እኛን የማታውቅ ልጅ እንደምትሆን ነገሩኝ። በመጨረሻም «በመርህ ደረጃ ግን ፈጽሞ አይቻልም ማለት አይቻልም» አሉኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ ቃል መፍታት ሥራዬ ነው። ሁለት «አይቻልም» በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ አንዱ ሌላውን እንደሚያፈርሰው አቶ ዘመነ ላያስተውሉት ይችላሉ፤ እኔ ግን ከሞጣ እስከ ቢቸና ሳፈርሰውና ስገነባው መጣሁ። ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ሲወርድ ሲወጣ እኔ «ከሌላ ማኅፀን ብትወለድስ ምን አለበት» እያልኩ ነበር። ባለቤቴን ለመምከር የሄድኩት ሰው ነኝ። ቤት ስደርስ «ምን አሉ?» አለችኝ። «አላገኘኋቸውም» አልኳት። በሠላሳ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ የዋሸኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

12. አሁን ባለቤቴ ጠግባ አትበላም። ቀሚሱ ተሰፍቶ መጥቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ አቧራ እንዳይነካው በየቀኑ ታራግፈዋለች። ለልጃችን ጸሎት አታስደርግም፤ ጸሎተ ሙታን ማስደረግ መሞቷን ማመን ነውና። ነፍሷ በሁለት መካከል ቀረች ብዬ እፈራለሁ፤ የልጄንም የእናቷንም ማለቴ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምቼ ለተማሪ ስተርት ኖሬአለሁ፤ ላሚቱ ደጄ ላይ ስትታሰር ግን መፍታት አቃተኝ።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን እለምናለሁ፦

ሀ. በናሙና ቁጥር 113 የተመዘገበው ጥርስ፣ ቢቦረቦርም ቢሰበርም፣ ካለበት ላብራቶሪ ተፈልጎ እንዲመለስልን። ከተመለሰ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር እናሳርፈዋለን፤ እርሷም የምትሄድበት ቦታ ታገኛለች። ስሙ ጥርስ ይሁን እንጂ ለእኛ አስከሬን ነው።

ለ. ጥርሱ የማይመለስ ከሆነ፣ ለወ/ሮ ጥሩአየሁ ፋንታ በስሟ ደብዳቤ እንዲጻፍላት። «በሂደት ላይ» የሚል እንዳይገባበት፣ «በመርህ ደረጃ» የሚልም እንዳይገባበት፣ «እስከዚያው» የሚልም እንዳይገባበት እማፀናለሁ። ለአቶ ውበቴ ቀንድ የተሰጠውን ያህል አጭር መልስ ለልጄም ጥርስ ይሰጠው። ማኅተሙ በደንብ ይመታ፤ እርሷ የምታነበው ማኅተሙን ነው።

ሐ. ገበያው መግቢያ ላይ ያለው የእኔ ማስታወቂያ ተልጦ «የጠፉ የዱር እንስሳት ቅሪት ብቻ ይሰበሰባል» በሚል ተራ ወረቀት እንዲተካ። ሌላም ቤት የክብሪት ቀፎ ሊኖር ይችላል። ራሴ ልልጠው ሄጄ ነበር፤ ዘበኛው «የመንግሥት ወረቀት ነው» ብሎ ከለከለኝ።

ሥራ እንዳይበዛባችሁ ብዬ በ«ለ» የጠየቅሁትን ደብዳቤ ረቂቁን አዘጋጅቼ ከዚህ ጋር ላያይዝ ነበር። «ልጅዎ ማርያማዊት» ብዬ ጀመርኩ። የሚቀጥለው ቃል «አትነሣም» ነው። እኔ ግን በየቀኑ «ትንሣኤ ሙታንን ተስፋ እናደርጋለን» የምል ሰው ነኝና ያን ቃል ለብቻው ልጽፈው አልቻልኩም። «በጽሕፈት ቤታችን ሥራ» የሚለውን ከፊቱ ጨመርኩበት፤ አሁንም እጄ «አት» ላይ ቆመ። ሦስት ወረቀት ተበላሸብኝ። ስለዚህ ረቂቅ የለም፤ ቃሉን እናንተው ጻፉት። ለእናንተ ቀላል ነው፤ ልጅቷን አታውቋትም።

ደረሰኙን ባለቤቴ ከእጇ ስለማትለቀው ኮፒውን ማያያዝ አልቻልኩም፤ ቁጥሩን በቃሌ ይዤ ከላይ ያሰፈርኩት ትክክል ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለኝ። ደብዳቤው ሲጻፍ በፖስታ ይላክ፣ ወይም በማክሰኞው ሚኒባስ ሾፌር እጅ ይላክ፤ እርሷ በሩ ላይ ስለምትገኝ በቀጥታ ይደርሳታል። እኔ መጥቼ ልውሰደው ብል ግን እንዳትሰጡኝ። ቢቸና ሳልደርስ እንዳልቀደው እፈራለሁ።

ከሰላምታና ከልመና ጋር፣

(ፊርማ)
መሪጌታ ወልደ ኪዳን ስጦታው
የማርያማዊት አባት